ሦስት ዓይነት ቤዥ ለአንድ ሳሎን፤ የትኛው ይሻላል?

የጠባሴዋ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በደብረ ብርሃን ከተማ፣ በጠባሴ አካባቢ ነው። ዓምና በብሎኬት ያሠራነውን ቤት ሳሎን ከመስቀል በፊት ለማስቀባት አስበን፣ እኔና ባለቤቴ ቀለሙ ቤዥ እንዲሆን ያለ ብዙ ክርክር ተስማማን። ክርክሩ የመጣው ቤዥ የሚባለው ቀለም አንድ ብቻ አለመሆኑን ካየን በኋላ ነው። ከመሸጫው ካታሎግ ላይ ሃያ ያህሉን ተመልክተን ሦስቱን አስቀርተናል። የመጀመሪያው ወተት እንደበዛበት ሻይ ሞቅ ያለና ትንሽ ቢጫነት ያለው ነው፤ ሁለተኛው አዲስ የተፈጨ የገብስ በሶ ይመስላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ቀለም ያልነካው የመንዝ ባና ዓይነት፣ ወደ አመድማነት የሚያደላ ነው።

ሱቁ ውስጥ ሦስቱም በግልጽ ተለያይተው ይታዩኝ ነበር። ናሙናዎቹን ቤት አምጥቼ ግድግዳው ላይ ስለጥፋቸው ግን ቀን ላይ አንደኛውና ሁለተኛው ተመሳሰሉብኝ፤ ማታ መብራት ሲበራ ደግሞ ሦስተኛው አረንጓዴ መሰለኝ። ለእንግድነት መጥታ የነበረችውን እናቴን ብጠይቃት፣ «ሦስቱም ያው ገንፎ ናቸው፤ የሚለያዩት በቅቤው ነው» ብላ አለፈችኝ። አዲስ አበባ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ሁለተኛውን ቀብታ እጅግ አምሮላታል፤ ፎቶውንም ልካልኛለች። ባለቤቴ ግን ልቡ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው።

ሳሎኑ አምስት ሜትር በአራት ሜትር ሲሆን፣ ከወለል እስከ ኮርኒስ 2.80 ሜትር ነው። ትልቁ መስኮት ወደ ሰሜን ያያል፤ ፊት ለፊቱ የጎረቤታችን የባሕር ዛፍ ተርታ አለ። ትንሹ መስኮት ወደ ምሥራቅ ነው። ወለሉ ወደ ሮዝ የሚያደላ ሴራሚክ ነው፣ ሶፋው ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፣ መጋረጃ ገና አልገዛንም። አምፖሎቹ ነጭ የሚባሉት ኤልኢዲዎች ናቸው። ከአንዱ ግድግዳ ላይ የነበረውን ስንጥቅ ከአሥር ቀን በፊት በሲሚንቶ አስደፍነናል። ከሦስቱ የትኛውን ትመክሩኛላችሁ? ደግሞስ ይህን ያህል የሚቀራረቡ ቀለሞችን ሳይሳሳቱ የሚመርጡበት መንገድ አለ?

ብሩሽና ሮለር

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። በዚሁ በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ከአሥር ዓመት በላይ ቀለም ስቀባ ቆይቻለሁ፤ በዚህ ጊዜ ካየኋቸው የቀለም ጸጸቶች አብዛኞቹ የመጡት በቀይ ወይም በሰማያዊ ሳይሆን በቤዥ ነው። ቀይ የመረጠ ሰው ምን እንደመረጠ ያውቃል። ቤዥ ግን ከሥሩ ሌላ ቀለም ይዞ ይመጣል፤ ወይ ቢጫ፣ ወይ ሮዝ፣ ወይ አረንጓዴ፣ ወይ ግራጫ ይኖርበታል፤ ይህም በጣት በምታህል ናሙና ላይ ተደብቆ ይቆይና ግድግዳ ሙሉ ሲሆን ይገለጣል።

ከሥሩ ያለውን ለማወቅ ሦስቱን ናሙናዎች በንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን አድርገው በቀን ብርሃን ይመልከቷቸው። ካታሎጉ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ቤዥ ከሚገኝበት ተርታ እጅግ የጠቆረውን ይፈልጉ፤ የጠቆረው የፈዘዘውን ምሥጢር ያወጣል። የጠቆረው ሰናፍጭ የሚመስል ከሆነ ከሥሩ ቢጫ አለ፤ የሸክላ መልክ ካለው ሮዝ ወይም ቀይ አለ፤ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ከመሰለ አረንጓዴ አለ ማለት ነው። ከገለጻዎ እንደምገምተው አንደኛው ቢጫ፣ ሁለተኛው ሮዝ፣ ሦስተኛው አረንጓዴና ግራጫ የያዙ ናቸው።

ከዚህ ቀጥሎ ወለሉን ይጠይቁ። መጋረጃ ይገዛል፣ አምፖል ይለወጣል፣ ሶፋም ጨርቅ ይለብሳል፤ ሴራሚኩን ግን ለቀለም ብሎ የሚነቅል ሰው አላውቅም። ወደ ሮዝ ያደላ ወለል አጠገቡ አረንጓዴነት ያለው ግድግዳ ሲቆም ቅላቱ ከበፊቱ ይልቅ ጎልቶ ይታያል፤ ቢጫነት ካለው ጋር ሲገናኝ ደግሞ ሁለቱም የቆሸሹ ይመስላሉ። ስለዚህ እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ነገር ግን ይህ ወለሉን በዓይኔ ሳላይ የተናገርኩት ስለሆነ፣ ከመግዛትዎ በፊት መሞከር አለብዎት።

አሞካከሩ እንዲህ ነው። ከየቀለሙ በትንሹ አስበጥብጠው፣ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር በሆነ የችፑድ ቁራጭ ወይም ወፍራም ካርቶን ላይ ሁለት ጊዜ ይቀቡ፤ በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል በደንብ ይድረቅ። በውሃ የሚቀጥነው የፕላስቲክ ቀለም ርጥብ ሳለ ቀለል ብሎ ይታይና ሲደርቅ አብዛኛውን ጊዜ ይጠቁራል፤ ስለዚህ ሳይደርቅ ፍርድ አይስጡ። ግድግዳው ላይ በቀጥታ እንዳይቀቡ የምመክረው ሰሌዳው ስለሚንቀሳቀስ ነው፤ አንዴ ከመስኮቱ አጠገብ፣ አንዴ ብርሃን በማይደርስበት ጥግ፣ አንዴ ከሶፋው ኋላ ወለሉን አስነክተው ያቆሙታል። ሰሜን ያለው መስኮት ብርሃኑ ቀዝቃዛ፣ ማለትም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ስለሆነ፣ ከዚያ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ በተለይ ይመልከቱ።

ስለ መስቀል አንድ ነገር ልናገር። አሁን ያለነው በነሐሴ ነው፤ አየሩ ርጥብ ነው፤ ግድግዳውም የክረምቱን ውሃ አልጨረሰም። በዚህ ወቅት የሚቀባ ቀለም ቶሎ አይደርቅም፣ አንዳንዴም ይዥጎረጎራል። በሲሚንቶ የደፈናችሁት ስንጥቅ ደግሞ ቢያንስ 28 ቀን ሊቆይ ይገባል፤ አዲስ ሲሚንቶ ቀለም የሚያበላሽ ባሕርይ ስላለው፣ ቸኩለው ከቀቡበት ያ መስመር ብቻውን ነጥቶ ወይም ተላጥቶ ይቀራል። ያን ጊዜ ጥፋቱ የቤዡ ይመስልዎታል።

ከሸዋ ሮቢት

እህቴ፣ የአክስትሽን ልጅ ፎቶ እርሺው፤ የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። እኔ ከወንድሜ ቤት የተረፈ ሁለት ጋሎን ቤዥ ከደብረ ብርሃን ይዤ ወርጄ ነበር። እሱ ሳሎን ውስጥ ደልደል ያለ፣ ከበድ ያለ ቀለም ነበረ፤ ጣርማ በርን አልፌ 1,500 ሜትር ያህል ቁልቁል ወርጄ እኔ ቤት ስቀባው ግን ነጭ ለመባል ጥቂት የቀረው ሆነ። የእኔ ቤት በሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው፤ ፀሐይዋ ከግቢው አፈር ላይ እየነጠረች ትገባለች። የእሱ ቤት በብርዱ ምክንያት በሩ ዝግ፣ መስኮቱም ግማሹ የተጋረደ ነው። ቆርቆሮው አንድ፣ ቀለሙ የተበጠበጠበት የማሽን ቁጥር አንድ፣ ቀለሙ ግን ሁለት። አዲስ አበባ ያለው ሳሎንም ወለሉ፣ መስኮቱና አምፖሉ ምን እንደሆነ አልነገርሽንም።

የጂኦግራፊ መምህር፣ መሐል ሜዳ

ብሩሽና ሮለር የሰጡት ምክር ተግባራዊና የሚታመን ነው። አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ማስተካከያ ላድርግ። ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ብርሃኑ ቀዝቃዛ ነው የሚለው ምክር በብዛት የሚገኘው በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ሰዎች ጽሑፎች ውስጥ ነው፤ እዚያ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ስለምትታይ አባባሉ ትክክል ነው። ደብረ ብርሃን ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9.7 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በመሆኑም ከሚያዝያ 7 ገደማ ጀምሮ እስከ ነሐሴ 22 ገደማ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከራሳችን በላይ አልፋ በሰሜን በኩል ትሆናለች። ከዓመቱ ከሦስተኛው እጅ የሚበልጠው ጊዜ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ይህች ፀሐይ ወደ ጠያቂዋ ሳሎን ምን ያህል ትገባለች? በሰኔ አጋማሽ፣ በጣም ወደ ሰሜን በሄደችበት ወቅት እንኳ፣ እኩለ ቀን ላይ ከአድማስ 76 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ትቆማለች። ጣሪያው ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ብቻ ወጣ ቢል ጥላው ሁለት ሜትር ያህል ወደ ታች ይወርድና መስኮቱን ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል። በታኅሣሥ ግን ፀሐይ በደቡብ በኩል 57 ዲግሪ ላይ ስለምትሆን፣ ያው ግማሽ ሜትር ጣሪያ የሚያጠላው 80 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ በደቡብ በኩል መስኮት ያለው ቤት በብርዱ ወራት ፀሐይ የሚጠግበው ለዚህ ነው። እንግዲህ የሰሜኑ መስኮት በእኛ አገርም ቀዝቀዝ ያለ ብርሃን ያስገባል ቢባል ድምዳሜው ልክ ነው፤ በእነዚህ ወራት ምክንያቱ ግን ፀሐይ አለመኖሯ ሳይሆን የጣሪያው ክፈፍና ከሐምሌ ጀምሮ ሰማዩን የሚሸፍነው ደመና ነው። በግንቦትና በሰኔ ማለዳ ላይ፣ እንዲሁም ወደ ማታ፣ ፀሐይ ከምሥራቅና ከምዕራብ ወደ ሰሜን ፈቀቅ ብላ ስለምትወጣና ስለምትጠልቅ በአግድሞሽ ልትገባ ትችላለች፤ ባሕር ዛፎቹ ከፈቀዱላት።

በእኔ ግምት በዚህ ሳሎን የበለጠ ሊታሰብበት የሚገባው የምሥራቁ መስኮት ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ገደማ ወርቃማ ብርሃን ያስገባል፤ በዚያን ጊዜ ሦስቱም ቤዦች ያምራሉ። ስለዚህ በጠዋት አይምረጡ። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ ደመና ሲሆን፣ ከባሕር ዛፎቹ ተጣርቶ የሚመጣው ብርሃን አረንጓዴና ሰማያዊ ይበዛበታል፤ ሦስተኛው ቀለም የሚፈተነው ያን ጊዜ ነው። ሌላው ደግሞ የወቅቱ ጉዳይ ነው፦ አሁን ግቢው ሣር ለብሷል፤ ከሣሩ የሚነጥረው ብርሃን ግድግዳውን ያረነጉደዋል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሣሩ ገለባ ሲመስል፣ ሰማዩም ሲጠራ፣ ያው ግድግዳ ሞቆ ይታያል። በነሐሴ ትንሽ የሞቀ የሚመስል ቀለም የመረጠ ሰው በጥር ቢጫ ግድግዳ ሊያገኝ ይችላል።

ከተማችሁ ስሟን ያገኘችው በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በሰማይ ታየ ከተባለው ብርሃን መሆኑን እያሰብኩ፣ የሳሎን ቀለም እንኳ በብርሃን ጉዳይ ሲያከራክር ማየቴ አስደስቶኛል።

የጠባሴዋ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሦስት ሰሌዳዎች ቀብቼ ሁለት ቀን ሆኗቸዋል፤ የወለሉ ነገር እውነት ነው፤ አንደኛው ሰሌዳ ሴራሚኩ ላይ ሲቆም የቆሸሸ ይመስላል። ከዚህ በኋላ የቀሩት ሁለተኛውና ሦስተኛው ናቸው። ባለቤቴ ሁለቱን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ፣ በፎቶው ላይ ሦስተኛው በግልጽ ይበልጣል ይላል። እኔ በዓይኔ የማየው ግን ከፎቶው ጋር አይገጥምም። ሌላው ጥያቄዬ፣ ከሳሎኑ ወደ መኝታ ክፍሎቹ የሚወስደው ኮሪደር መስኮት የለውም፤ እርሱንስ በምን እንመዝነው?

የሥዕል መምህር

ፎቶው እማኝ ሊሆን አይችልም። የስልክ ካሜራ በፊቱ ያለውን ብርሃን እየገመተ ቀለሙን በራሱ ፈቃድ ያስተካክላል፤ ግምቱም ከአንዱ ፎቶ ወደ ሌላው ይለያያል፤ ቡናማው ሶፋ በፎቶው ውስጥ ገባ ወይም አልገባም የሚለው ብቻ ግድግዳውን ሊያቀዘቅዘው ወይም ሊያሞቀው ይችላል። ለባለቤትሽ ከአክብሮት ጋር ይህን ንገሪልኝ።

ሰሌዳዎቹን ጎን ለጎን ማየትን በተመለከተም አንድ ልዩነት አለኝ። ከሥር ያለውን ቀለም ለማወቅ ማወዳደር ጥሩ ነው፤ ለመምረጥ ግን ያሳስታል። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ዩጂን ሸቭረል በፓሪስ የጎብለን የምንጣፍ መሥሪያ ቤት የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሳለ፣ የአንዳንድ ክሮች ጥቁርነት ይጎድለዋል የሚል አቤቱታ ቀረበለት። ክሩን ቢመረምረው ማቅለሚያው ጉድለት አልነበረበትም፤ ጥቁሩን ያደከመው አጠገቡ የተሸመነው ሌላ ቀለም ነበር። ሸቭረል በዚህ ላይ ያደረገውን ጥናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1839 አሳተመው። የአንቺም ሰሌዳዎች እንዲሁ ናቸው፦ ሁለተኛው ከሦስተኛው አጠገብ ሲቆም ከእውነቱ ይልቅ ሮዝ ይሆናል፣ ሦስተኛውም ከእውነቱ ይልቅ ይረነጉዳል። ሳሎንሽ ውስጥ ግን ሁለቱ አብረው አይኖሩም። አንዱን ሰሌዳ ደብቂና ሌላውን ብቻውን ሙሉ ቀን አኑሪው፤ በማግስቱ ቀይሪ።

የኮሪደሩ ዳኛ አምፖሉ ብቻ ነው። በአምፖሉ ካርቶን ላይ በኬልቪን የተጻፈ ቁጥር አለ፤ 3000 የተባለው ቢጫና ሞቃት፣ 6500 የተባለው ነጭና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነው። ሦስተኛውን ማታ ማታ አረንጓዴ ያስመሰለብሽ 6500ው ይመስለኛል። ሳሎኑ የሚሞላው እንግዳ በሚመጣበት በማታ ከሆነ፣ ከቀለሙ በፊት አንድ 3000 አምፖል ገዝተሽ ሰሌዳዎቹን እንደገና እዪ። ካርቶኑ ላይ ሲአርአይ ወይም አርኤ የሚል፣ አምፖሉ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚናገር ቁጥር ካለ ከ80 የማያንሰውን ውሰጂ፤ ዝቅተኛ ከሆነ ማንኛውም ቤዥ የታመመ ይመስላል።

ብሩሽና ሮለር

መምህሩ ስለ ሰሜኑ መስኮት ያሉትን ተቀብያለሁ፤ ለካስ ስሳሳት የኖርኩት በምክንያቱ ብቻ ነው።

ወደ መግዛቱ ስትሄዱ የሚጠቅም ሒሳብ ልጨምር። የሳሎናችሁ ዙሪያ 18 ሜትር ነው፤ በ2.80 ሲባዛ 50 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል፤ በርና መስኮት ሲቀነስ 45 ይቀራል። በስቱኮ በተለሰለሰ ግድግዳ ላይ አንድ ሊትር ቀለም ለአንድ ዙር አሥር ካሬ ሜትር ያህል ስለሚሸፍን፣ ለሁለት ዙር ዘጠኝ ሊትር ያስፈልጋል፤ ለማረሚያ አንድ ሊትር ጨምሩበት። ጋሎን ሲባል የሁሉም ልኩ እኩል ስላልሆነ በቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ሊትር አንብቡ። ሁሉንም በአንድ ቀን፣ ከአንድ ማሽን አስበጥብጡ፤ ከመቀባቱ በፊትም በአንድ ትልቅ ባልዲ ይቀላቀል። በሁለት ቀን የተበጠበጠ አንድ ዓይነት ቤዥ ማዕዘን ላይ ሲገናኝ ልዩነቱ እንደ ስፌት ይታያል። የማሽኑን ቁጥር ጽፋችሁ አስቀምጡ።

ቡና በየቀኑ የሚፈላበትና ዕጣን የሚጨስበት ሳሎን ከሆነ፣ ፈጽሞ የማያንጸባርቀውን ዓይነት አልመክርም፤ ሲያጥቡት ይጠፋል። በጣም የሚያብለጨልጨው ደግሞ የልስኑን ጉድለት ሁሉ ያጋልጣል። መካከለኛውን ጠይቁ፤ ሰሌዳውንም በዚያው ዓይነት ቀቡት፤ አንጸባራቂነቱ ሲለወጥ ቀለሙም የተለወጠ ይመስላልና።

የጠባሴዋ (ጠያቂ)

ውጤቱን ላሳውቃችሁ። ሁለተኛውን ሰሌዳ ለብቻው አንድ ቀን ሙሉ ከሶፋው ኋላ አቆምኩት፤ በጠዋት ሞቅ ያለ፣ በ9 ሰዓት ደመና ትንሽ የደከመ፣ ነገር ግን ቤዥነቱን ያልለቀቀ ሆኖ ዋለ። በማግስቱ ሦስተኛው ተራ ደረሰው፤ ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ራሱ ከሥራ ሲገባ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ይህ ነገር የወታደር ልብስ መሰለ» አለ። ማታ በ3000 አምፖል ስናየው ግን አረንጓዴው ጠፍቶ ለስላሳ አመድማ ሆነ፤ እርሱ የወደደው ይህንን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ፤ ካታሎጉን ሱቁ ውስጥ ያየው በቢጫ መብራት ሥር ነበር። ስለዚህ ሳሎኑ ሁለተኛውን እንዲቀባ፣ መስኮት የሌለው ኮሪደር በቢጫ አምፖል ሦስተኛውን እንዲወስድ ተስማምተናል።

የተደፈነው ስንጥቅ 28 ቀኑን የሚሞላው በመስከረም መጀመሪያ ነው፤ ዝናቡ ካልተወ ደግሞ እስከ ጥቅምት እንቆያለን። እንዲያ ከሆነ ለመስቀል የሚመጡት እንግዶች የሚያገኙት ያልተቀባ ግድግዳና ሁለት ሰሌዳ ነው።